አምብሯዝ ፓሬ፦ ደምን በእሳት ሳይሆን በክር ያቆመው ሐኪም

ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት የሚያውቅ ከሆነ፣ እርስዎ ተኝተው ሳለ ሐኪሙ የተቆረጡ የደም ሥሮችዎን በክር እያሰረ ደምዎን ሲያቆም ነበር። ሲነቁ ስለዚህ የነገረዎት ሰው ላይኖር ይችላል፤ የዕለት ተዕለት ሥራ ስለሆነ ማንም አያነሳውም። ከ500 ዓመት ገደማ በፊት ግን በአውሮፓ እግሩ የሚቆረጥ ሰው ደሙ የሚቆምለት በእሳት በጋለ ብረት ነበር፤ ያውም ያለ ማደንዘዣ።

ይህን ልማድ በመለወጥ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው አምብሯዝ ፓሬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ በዘመኑ የሐኪሞች ቋንቋ የነበረውን ላቲንም አልተማረም። ታሪኩን እዚህ የምናቀርብልዎት ለታሪክ ብቻ ብለን አይደለም። ደም ሲፈስ ምን መደረግ እንዳለበትና ምን መደረግ እንደሌለበት ከእሱ ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ዛሬም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይጠቅማል። ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚሠራውና ካይቶሳን የሚባለው የዘመናችን ደም ማቆሚያም እሱ ላነሳው ጥያቄ የተሰጠ አንድ መልስ ነው። ጥያቄው ይህ ነበር፦ ቁስለኛውን ሳንጎዳ ደሙን ማቆም እንችላለን?

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከፀጉር አስተካካዮች ዘንድ የተማረ ሙያ

ፓሬ በ1510 ገደማ በምዕራብ ፈረንሳይ፣ ላቫል ከተማ አጠገብ ተወለደ። በዚያ ዘመን የሕክምና ሥራ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ሐኪሞች መጽሐፍ ያነባሉ፣ በሽታውን ይናገራሉ፣ መድኃኒት ያዛሉ፤ እጃቸውን ደም ማስነካት ግን ክብራቸውን የሚቀንስ ይመስላቸው ነበር። ቁስል ማጠብ፣ እባጭ መብጣት፣ የተሰበረ አጥንት መጠገን፣ እግር መቁረጥ ለፀጉር አስተካካዮች የተተወ ሥራ ነበር፤ ምላጭ የሚይዙት እነሱ ናቸውና።

ፓሬም ይህንኑ ሙያ ከፀጉር አስተካካዮች ዘንድ እየሠራ ተማረ። ከዚያም በፓሪስ ኦቴል ዲዩ በተባለው ትልቅ የድሆች ሆስፒታል ገብቶ 3 ዓመት ገደማ አገለገለ። እዚያ የሚተኙት ሌላ መሄጃ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። ፓሬ ብዙ በሽታ፣ ብዙ ቁስልና ብዙ ሞት አየ። ከመጽሐፍ ያላገኘውን አልጋው አጠገብ ቆሞ ተማረ።

ዘይቱ ያለቀበት ቀን

በ1537 የፈረንሳይ ጦር ወደ ጣሊያን ሲዘምት ፓሬ አብሮ ሄደ። በቱሪን አካባቢ በተደረገው ውጊያ በጠመንጃ የቆሰለ ሰው ሲያክም ለመጀመሪያ ጊዜው ነበር። የዘመኑ መጻሕፍት ባሩድ ቁስሉን ይመርዛል ይሉ ስለነበር፣ መርዙን ለማጥፋት ተብሎ ቁስሉ ውስጥ የፈላ ዘይት ይፈስ ነበር። ፓሬ መጀመሪያ ሌሎቹ ሲያደርጉ ተመለከተ፤ ቀጥሎም እንደነሱ አደረገ።

ቁስለኛው ሲበዛ ግን ዘይቱ አለቀ። ባዶ እጁን መቅረት ስላልፈለገ የእንቁላል አስኳል፣ የጽጌረዳ ዘይትና ከጥድ ዛፍ ሙጫ የሚወጣውን ተርፐንታይን ደባልቆ የቀሩትን ወታደሮች ቁስል በዚያ ቀባ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ዘይት ያልደረሳቸው ሰዎች በመርዙ ሞተው አገኛቸዋለሁ ብሎ ፈርቶ ነበር። ስለዚህ ማልዶ ተነስቶ ሊያያቸው ሄደ።

ያገኘው የጠበቀውን አልነበረም። ቅባቱን ያገኙት ሕመማቸው ቀለል ያለ፣ ቁስላቸው ያላበጠ፣ ሌሊቱንም በደህና ያደሩ ነበሩ። የፈላ ዘይት የፈሰሰባቸው ግን ትኩሳት ይዟቸዋል፣ የቁስላቸው ዙሪያ አብጧል፣ በሕመም ይሰቃያሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቁስለኛን በዘይት ላለማቃጠል ወሰነ። በ1545 ያየውን በመጽሐፍ አሳተመ፤ የጻፈውም እንደሱ ላቲን ያልተማሩ ባልደረቦቹ እንዲያነቡት በፈረንሳይኛ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የተሳሳተ ትምህርት እንዳይወስዱ አንድ ነገር ልንገርዎት። ወታደሮቹን ያዳናቸው እንቁላሉ አይደለም፤ አለመቃጠላቸው ነው። ፓሬ ባልታሰበ አጋጣሚ ያገኘው ትልቅ እውነት፣ ሕክምና ተብሎ የሚደረግ ነገር ራሱ ጉዳት ሊሆን እንደሚችል ነው። ይህን ሊያውቅ የቻለውም በማግስቱ ተመልሶ ሁለቱንም ወገን ስላየ ነው።

በጋለ ብረት ፋንታ ክር

እግር ሲቆረጥ ትልልቅ የደም ቅዳ ሥሮች ይከፈታሉ። ከእነዚህ ደም በግፊት ስለሚወጣ ሰውየው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። የጋለ ብረት ሥጋውን አሳርሮ የደም ሥሩን ጫፍ ይዘጋል። ችግሩ ግን ስቃዩ ብቻ አይደለም። የተቃጠለው ሥጋ ከቀናት በኋላ ሲረግፍ የደም ሥሩ እንደገና ሊከፈት፣ ደሙም እንደገና ሊፈስ ይችላል። ያኔ ብረቱ እንደገና ይግላል።

የደም ሥርን በክር ማሰር ፓሬ የፈጠረው ዘዴ አይደለም። ጋለን የተባለው የጥንት ሐኪም ጽፎታል፤ ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት በእስልምናው ዓለም የነበረው አል ዛህራዊም ያውቀዋል። የፓሬ ድርሻ እግርና እጅ ሲቆረጥ በብረቱ ፋንታ ይህን መጠቀሙና ለሌሎች ማስተማሩ ነው። በፓሪስ ከባልደረቦቹ ጋር አስቀድሞ ተመካክሮበት ነበር፤ ክሩ ባይሠራ ግን ብረቱ በአጠገብ ተዘጋጅቶ እንዲቆይ ተስማምተው ነበር። አዲስ ነገር ሲሞክር የበሽተኛውን ነፍስ በግምት ላይ ብቻ አልጣለም።

ዕድሉ የመጣው በ1552 በዳንቪሌር ከበባ ነው። የአንድ መኮንን እግር በመድፍ ጥይት ተሰባበረ፤ መቆረጥ ነበረበት። ፓሬ ቆረጠው፤ የደም ሥሮቹንም አሰራቸው፤ ብረቱን አልተጠቀመም። መኮንኑ ድኖ በእንጨት እግር ወደ ቤቱ ተመለሰ።

አሠራሩን በቀላሉ ለመግለጽ ያህል፦ ከሚቆረጠው ቦታ በላይ ጠንከር ያለ ማሰሪያ ይታሰራል፤ ከተቆረጠ በኋላ የደም ሥሩ ጫፍ የቁራ አፍ በሚመስል መቆንጠጫ ተይዞ ሳብ ይደረጋል፤ ከዚያም በድርብ ክር ይታሰራል። ዛሬ በማንኛውም የቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገኙት መቆንጠጫዎች የዚያ መሣሪያ ዘመዶች ናቸው። እሳቱም ቢሆን ፈጽሞ አልቀረም፤ በማደንዘዣ ስር ትንንሽ የደም ሥሮችን ብቻ በሚነካ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ተተክቷል።

ፓሬ በ1564 ባሳተመው መጽሐፍ ዘዴውን ሲያስተምር፣ ቀድሞ ራሱ በብረት ያቃጥል እንደነበረ ሳይደብቅ ተናገረ፤ በዚህም መጸጸቱን ገለጠ። ትልቅ ስም ያለው ሐኪም ትናንት ተሳስቼ ነበር ብሎ በመጽሐፍ ማሳተሙ በዚያ ዘመንም በዛሬውም ቀላል ነገር አይደለም።

በነገሥታትና በወታደሮች መካከል

ከዳንቪሌር በኋላ ፓሬ በንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ቀዶ ሐኪሞች መካከል ተመደበ፤ ከዚያም ልጆቻቸውን ፍራንሷ 2ኛን፣ ሻርል 9ኛንና ሄንሪ 3ኛን በማገልገል በጠቅላላው የ4 ነገሥታት ሐኪም ሆነ። ቤተ መንግሥት መግባቱ ግን ከቁስለኞች አልለየውም። በ1552 ክረምት የሜስ ከተማ በተከበበች ጊዜ በጠላት መካከል በስውር ሾልኮ ገባ። የተከበቡት ወታደሮች ሲያዩት ከሞት የዳኑ ያህል ተደሰቱ። በሚቀጥለው ዓመት በኤዳን ተማረከ፤ ማንነቱን ደብቆ ሳለ የአንድ የጠላት ሹም የቆየ የእግር ቁስል አክሞ ስላዳነ ያለ ቤዛ ተለቀቀ።

በ1559 ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ በጦር ጨዋታ ላይ የተሰበረ እንጨት ዓይናቸው አካባቢ ገብቶ ክፉኛ ቆሰሉ። ፓሬ እና ከብራስልስ የመጣው ታዋቂው የሰውነት አካል ሊቅ ቬሳሊየስ አልጋቸው አጠገብ ነበሩ። ንጉሡ ከ10 ቀን በኋላ ሞቱ። የዘመኑ ታላላቅ ሐኪሞች ተሰብስበውም ያላዳኗቸው ሰው ነበሩ። ፓሬ ፈውስ የእሱ ሥራ ብቻ እንዳልሆነ፣ እሱ ቁስሉን እንደሚያክም፣ የሚያድነው ግን እግዚአብሔር እንደሆነ መናገር የሚያዘወትረው ይህን የመሰለ ነገር ብዙ ጊዜ ስላየ ይሆናል።

ከሕክምናው በኋላ የሚመጣውም ያሳስበው ነበር። እግራቸውና እጃቸው ለተቆረጠ ሰዎች ሰው ሠራሽ እግርና በመዘውር የሚታጠፍ የብረት እጅ በመጽሐፎቹ ሥሎ አቅርቧል። ደም ማቆም የሕክምናው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር።

የፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ ግን አልወደደውም። በ1575 ሥራዎቹን በአንድ ላይ ሲያሳትም ፋኩልቲው ያለ እኛ ፈቃድ አይታተምም ብሎ ተነሳበት። ዲን የነበረው ኤትየን ጉርሜለን የክር ዘዴውን ነቅፎ ጻፈ። ፓሬ በ1585፣ በ75 ዓመቱ አካባቢ፣ የዘመቻ ትዝታዎቹን እየተረከ መለሰለት። የመልሱ ፍሬ ነገር፣ ሰዎችን በመጽሐፍ ክርክር ሳይሆን በሜዳ ላይ ያየሁትንና የሠራሁትን ተመልከቱ የሚል ነበር።

ክሩ ብቻውን ያልፈታው ችግር

ፓሬ ትክክል ቢሆንም ዘዴው ወዲያው አልተስፋፋም። እግር ሲቆረጥ ብዙ የደም ሥሮች አንድ በአንድ መታሰር አለባቸው፤ በዚያ መካከል ደሙን ለጊዜው የሚገታ አስተማማኝ መሣሪያ አልነበረም። በ1718 ዣን ልዊ ፕቲ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በብሎን የሚጠብቅ ቱርኒኬት ሲሠራ ይህ ችግር ቀለለ።

ሁለተኛው ችግር ጀርም ነው። በፓሬ ዘመን ጀርም መኖሩን ማንም አያውቅም። ንጹሕ ያልሆነ ክር ቁስሉ ውስጥ ሲቀር ቁስሉ ይመግላል። በ1860ዎቹ ጆሴፍ ሊስተር በስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ፣ ቁስልንና መሣሪያን ጀርም በሚገድል ነገር ማጽዳት ሲጀምር ነው የፓሬ ክር ሙሉ ጥቅሙን የሰጠው። አንድ ጥሩ ሐሳብ ሕይወት የሚያድነው ንጽሕና ሲታከልበት እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

የመጨረሻው ዓመት

በ1590 ፓሪስ በሃይማኖት ጦርነት ምክንያት ተከበበች፤ ሕዝቡም በረሃብ አለቀ። በዘመኑ የተጻፈ የዕለት ማስታወሻ እንደሚተርከው፣ ሽማግሌው ፓሬ ከከተማዋ መሪዎች አንዱ የነበሩትን የሊዮን ሊቀ ጳጳስ መንገድ ላይ አቁሞ፣ ለሚራበው ድሃ ሲሉ ሰላም እንዲያወርዱ ለመናቸው። ከበባው በተነሳ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1590 (በፈረንጆች ዲሴምበር) 80 ዓመት ገደማ ሆኖት አረፈ።

ክር የማይደርስበት ቁስል፦ ካይቶሳን

የፓሬ ክር የሚሠራው ሐኪሙ የደም ሥሩን ማየትና መያዝ ሲችል ነው። ነገር ግን ብሽሽትና ብብት ላይ፣ ጥልቅና ጠባብ ቁስል ውስጥ፣ ወይም ሐኪም በሌለበት መንገድ ላይ ይህ አይቻልም። የደም መርጋት ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ከትንሽ ቁስልም ብዙ ሊደማ ይችላል። ካይቶሳን የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው።

ካይቶሳን የሚሠራው በአብዛኛው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ካይቲን የተባለ ንጥረ ነገር በኬሚካል ተጣርቶ ካይቶሳን ይሆናል። ካይቲን መጀመሪያ የተገኘው በ1811 በእንጉዳይ ውስጥ ነው፤ ያገኘውም አንሪ ብራኮኖ የተባለ ፈረንሳዊ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቀይ ደም ሕዋሳት ላይኛው ገጽ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፤ ካይቶሳን ደግሞ ፖዘቲቭ። ስለዚህ ሁለቱ ይሳሳባሉ፤ ሕዋሳቱ ከካይቶሳኑና እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ቁስሉን እንደ ጭቃ ይደፍኑታል። ካይቶሳን እርጥብ ሥጋ ላይም ይጣበቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአብዛኛው የሰውነት የተለመደው የደም መርጋት ሂደት ሳይጠበቅ ስለሆነ፣ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ ሰዎችም ሊጠቅም ይችላል።

ሄምኮን የተባለው የካይቶሳን ፋሻ በ2002 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ በአፍጋኒስታንና በኢራቅ ጦርነቶች አገልግሏል። በኋላ ሴሎክስን የመሳሰሉ፣ ቁስል ውስጥ የሚጠቀጠቁ ጎዞች መጡ። ዛሬ ከጦር ሜዳ ውጭ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ፣ የኩላሊት እጥበት መርፌ ከወጣ በኋላ፣ በአንዳንድ ሆስፒታሎች ደግሞ ከወሊድ በኋላ የሚመጣን ከባድ ደም ለማቆም ይጠቀሙበታል።

ታካሚዎች ሊያነሷቸው የሚችሉ ጥያቄዎችን ባጭሩ እንመልስ።

ሽሪምፕ አለርጂ አለብኝ፣ ይጎዳኛል? አለርጂ የሚያመጣው በአብዛኛው የእንስሳው ፕሮቲን ሲሆን፣ ካይቶሳን ሲጣራ ፕሮቲኑ ይወገዳል። ቢሆንም አለርጂ እንዳለብዎ ለሐኪምዎ መናገር አይርሱ።

ሽሪምፕ በሃይማኖቴ አይበላም፣ ምን ላድርግ? ጎዙ አይበላም፤ ቁስል ላይ ተደርጎ ይነሳል። ከእንጉዳይና ከመሳሰሉት የሚሠራ ካይቶሳንም አለ። ጉዳዩ ካሳሰበዎት ከሐኪምዎና ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሃይማኖት መሪዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። በድንገተኛ ጊዜ ግን ደሙ እየፈሰሰ ለክርክር ጊዜ አይኖርም።

በእንክብል የሚሸጠው ካይቶሳን ደም ያቆማል? አያቆምም። ለክብደት መቀነሻ የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው። በተለይ ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱት።

ለውስጥ ደም መፍሰስስ? በመንገድ ላይ የሚደረግ ጎዝ የሚሠራው እጅ ሊደርስበትና ሊጫነው በሚችለው ቁስል ላይ ብቻ ነው። ደም የሚያስታውክ ወይም ጥቁር እንደ ሬንጅ ያለ ሰገራ የሚወጣው ሰው ፈጥኖ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

እርስዎ ቤት ውስጥ

በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ስሆን ቡና የተነሰነሰበት፣ አንዳንዴም አፈር የተደረገበት ቁስል አያለሁ። ያደረጉት እናት ወይም አባት ልጃቸውን ለማዳን ብለው ነው፤ እንደ ፓሬ ባልደረቦችም ደጋግሞ ሲደረግ ስላዩ ነው። ብዙ ጊዜ ደሙን ያቆመው ግን ቡናው ሳይሆን ቡናውን ጭኖ የያዘው እጅ ነው። ቡናው የሚያደርገው ቁስሉን ማቆሸሽ ነው፤ እኛም ልጁ እያለቀሰ ያንን አጥበን ማውጣት ይኖርብናል። ስለዚህ እጁን ያስቀሩ፣ ቡናውን ይተዉ።

1. ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጎዝ ቁስሉ ላይ አድርገው በመዳፍዎ አጥብቀው ይጫኑ። ሰውየውን ያስተኙ።

2. ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳያነሱ ይጫኑ። በየደቂቃው ገልጦ ማየት የጀመረውን የደም መርጋት ያበላሻል። ጨርቁ ከራሰ በላዩ ይጨምሩ።

3. የካይቶሳን ጎዝ ካለዎት ደሙ ከሚመጣበት ቦታ ድረስ ጠቅጥቀው በማሸጊያው ላይ ለተጻፈው ጊዜ ይጫኑት። ጎዙ ያለ ግፊት ብቻውን አይበቃም። የተጠቀሙበትን ማሸጊያ ለሐኪሙ ያሳዩ።

4. ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈሰው ደም በመጫን አልቆም ካለና ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ፣ ከቁስሉ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ መገጣጠሚያን ትተው፣ ሰፊ ማሰሪያ አጥብቀው ይሰሩ። ቀጭን ገመድ ወይም ሽቦ አይጠቀሙ። ያሰሩበትን ሰዓት ይጻፉ፤ ራስዎ አይፍቱት።

5. ቁስሉ ውስጥ የተሰካ ነገር ካለ አይንቀሉ፤ ዙሪያውን ይጫኑ።

6. ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉ የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ይጥሩ፤ በሌላ አገር የአገሩን የድንገተኛ ቁጥር ይደውሉ። ደሙ ቢቆምም ቁስሉ ጥልቅ ወይም ቆሻሻ ከሆነ ለስፌትና ለቴታነስ ክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፣ ሄሞፊሊያ ወይም የጉበት በሽታ ያለብዎት ከሆነ ይህን ቤተሰብዎ ይወቅ። ጥርስ ከመነቀልዎ ወይም ቀዶ ሕክምና ከማድረግዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቁሙ።

በመጨረሻም ቁስሉን በማግስቱ ይዩት። መቅላት፣ ማበጥ፣ መግል፣ የሚጨምር ሕመም ወይም ትኩሳት ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይመለሱ። ፓሬን ታላቅ ያደረገው ዘይቱ ባለቀበት ቀን የቀባው ቅባት አይደለም። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ቁስለኞቹን ማየቱ ነው።